«ፑት ኦፍ» ማውለቅ አይደለም

እህቴ፣ «ፑት ኦን መልበስ ከሆነ ፑት ኦፍ ለምን ማውለቅ አይሆንም?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ለዓመታት እንዳንቺው ነበር የማስበው። ልኩን ያወቅሁት ዘጌ ላይ ነው።

ባሕር ዳር አስጎብኚነት የጀመርኩ ሰሞን እንግዶች በጀልባ ይዤ ወደ አንዱ ገዳም ተሻገርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ «ፕሊዝ፣ ፑት ኦፍ ዩር ሹዝ» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ጠና ያሉ እናት «እስከ መቼ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው አልገባኝም። ሁለቱ ከነጫማቸው ሊገቡ ሲሉ በር ላይ የነበሩት አባት ደንግጠው እጃቸውን ዘረጉ። ጎንበስ ብዬ የራሴን ጫማ አውልቄ አሳየኋቸው። ያኔ ሴትዮዋ «ኦ፣ ቴክ ኦፍ!» አሉ። ቃሉ እሱ ነው። ጫማም፣ ኮፍያም፣ ጃኬትም የሚወልቀው በቴክ ኦፍ ነው።

ያንቺ አስተሳሰብ ግን መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ ሲታዘዝ «ፑት ኦፍ» ነው የሚለው። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚያወራ የለም። ለምን ካልሽ፣ እኛስ «ዝም አለ» እንል የለ? «አለ» መናገር ነው፤ «ዝም አለ» ግን አለመናገር። ሁለቱን ቃል ለያይተሽ ብትፈቺ የትም አትደርሺም።

አሁን ፑት ኦፍ በብዛት የሚያገለግለው ነገርን ለሌላ ጊዜ ለማስተላለፍ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲያናውጠው ባለጀልባው አልነሣም ይላል። እኔም ለእንግዶቼ «ዊ ሀቭ ቱ ፑት ኦፍ ዘ ትሪፕ» እላለሁ፤ ጉዞውን ለነገ እናሳድረው ማለት ነው። «ዘ ትሪፕ»ን ትተሽ «ኢት» ካልሽ ግን መሃል ትገባለች። «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። ግሥ ካስከተልሽ ደግሞ «ፑት ኦፍ ጎይንግ» በይ። «ፑት ኦፍ ቱ ጎ» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ፈተና ላይም ነጥብ ያስቀንሳል።

ሌላው ትርጉሙ ፍላጎትን መዝጋት፣ ሰውን ከነገሩ ማሸሽ ነው። የዓሣው ሽታ ምግቡን ካስጠላሽ «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» ትያለሽ። እኔ አብዝቼ የምጠቀምበት ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚያምረው በክረምት ነው፤ መንገዱ ግን ያኔ ጭቃ ነው። እንግዶቹ ሲያመነቱ «ዶንት ሌት ዘ መድ ፑት ዩ ኦፍ» እላቸዋለሁ፤ ጭቃው ሐሳባችሁን አያስቀይራችሁ ለማለት። «ዩ» መሃል መግባቷን ልብ በይ። አንዳንዶቹ ታዲያ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ይከተሉኛል። እሱ ቴክ ኦፍ ነው።