«ምን ይሰማዎታል?»

ልጆቼ፣ በነርስነት 30 ዓመት ስሠራ ከአፌ ያልጠፋ ጥያቄ ይህ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። «ሆድ» የምትለዋን ብቻ ይዤ ካርዳቸው ላይ «የሆድ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላቸውና ሄዱ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በኋላ ነው «ስሜት» ስለሚለው ቃል ማሰብ የጀመርኩት። የወጣው «ሰማ» ከሚለው ግሥ ነው። ግእዙ «ሰምዐ» ይለዋል። «ስምዕ»፣ ማለትም ምስክርነት፣ ከዚሁ ግንድ ነው። «ሰማዕት»ም እንዲሁ፤ ምስክር ማለት ነው። የዓረብኛው «ሰሚዐ» እና የዕብራይስጡ «ሻማዕ» ዘመዶቹ ናቸው። የእንግሊዝኛው «ፊል» መነሻው መዳሰስ ነው። የእኛ ሰው ግን ብርዱንም፣ ሕመሙንም፣ ሐዘኑንም «ተሰማኝ» ይላል። ይህ ሁሌም ይገርመኛል። «ተሰማኝ» ስንል እኮ ተናጋሪው ስሜቱ ነው፤ እኛ ሰሚዎች ነን።

ለዚህ ነው «ደበረኝ» ብላችሁ ብቻ ስታልፉ ልቤ የሚሰጋው። ስሜቱ ምን እንዳላችሁ ሰምታችሁ ሳትጨርሱ ዘጋችሁት ማለት ነው። ቅር ብሏችሁ ይሆን? እንግዲያው ከአንድ ሰው ጋር የምትነጋገሩት ነገር አለ። ናፍቋችሁ ከሆነ ስልክ አንሡ። ሆድ ብሷችሁ ከሆነ ደግሞ ምክር አይደለም የሚያስፈልጋችሁ፤ አጠገባችሁ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው። «ደበረኝ» ሁሉንም አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። ድብርቱ ሁለት ሳምንት አልፎት እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አትፍሩ።

እኚያ እናት በሳምንታቸው ተመልሰው መጡ። በሩን ዘጋሁና ወንበር ሳብኩ። «እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ባር ባር የሚልዎት?» አልኳቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች ስምንት ወር ሆኗታል። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዋን አልሰሙም። ስለ እሷ ብዙ አወሩኝ፤ እንጀራ ስትጋግር እንዴት እንደምታንጎራጉር ሳይቀር። እኔ ምንም አላልኩም። ሲነሡ ነጠላቸውን አስተካከሉና እጄን ያዙኝ።

«እፎይ» አሉ። «ቀለል አለኝ፣ ልጄ።»