በአንድ የኳንተም ቺፕ ላይ ብዙ ፕሮግራም፦ ጥያቄና መልስ

ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ቢሄዱ ምን ችግር አለው?

ብዙ ሰው የሚልከው ፕሮግራም ትንሽ ነው፤ አምስት ወይም አሥር ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ) ይበቃዋል። አይቢኤም በ2021 ያወጣው ኢግል ቺፕ ግን 127 ኪውቢት አለው። ትንሹ ፕሮግራም ብቻውን ከገባ የቀረው ቺፕ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ውጭ ደግሞ ወረፋ አለ። ያሳዝናል፤ ማሽኑ እንደሆነ ውድ ነው።

ላፕቶፔ ፕሮግራሞችን እያፈራረቀ ያስኬዳል። የኳንተም ማሽኑስ?

ላፕቶፕ አንዱን መሃል ላይ አቁሞ፣ የደረሰበትን ሚሞሪ ላይ አስቀምጦ ወደ ሌላው ይሄዳል። የኳንተም ሁኔታ ግን ኮፒ አይደረግም። ልለካው ካላችሁ ይፈርሳል። ስለዚህ መሃል ላይ ማቋረጥ የለም። የሚቻለው ቺፑን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ኪውቢቶች መስጠት ነው።

ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው?

ዋናው ክሮስቶክ ነው። ለአንድ ኪውቢት የተላከ የማይክሮዌቭ ምት ጎረቤቱንም ይነካል። ሁለት ፕሮግራሞች ተጠጋግተው ጌት (በኪውቢት ላይ የሚደረግ አንድ የስሌት እርምጃ) ሲሠሩ ስሕተቱ ሊጨምር ይችላል። ሁለተኛ፣ ኪውቢቶች እኩል አይደሉም። ጥሩዎቹን አንዱ ከወሰደ ሌላው በደካሞቹ ይሠራል።

ሦስተኛው የርዝመት ልዩነት ነው። አጭሩ ቀድሞ ሲያልቅ ውጤቱን ማንበቡ ገና እየሠራ ያለውን ሊረብሽ ይችላል። በ2019 ማይክሮ በተባለው የኮምፒውተር ምርምር ጉባኤ የቀረበ ጥናት ለዚህ ቀላል መላ አቅርቧል፤ አጭሩን ዘግይቶ ማስጀመርና ሁሉንም መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ማንበብ። ጥናቱ ሌላም ነገር አለው። የውጤቱ ጥራት ከወረደ ፕሮግራሞቹ ተነጣጥለው ለየብቻ እንዲሄዱ ያደርጋል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ወረፋ አጠረ ተብሎ የማይታመን ውጤት መውሰድ ኪሳራ ነው።

አዳዲሶቹ ቺፖች ይሻላሉ?

አዎ። በ2023 የወጣው የአይቢኤም ቺፕ ሄሮን በኪውቢቶች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚቆጣጠር ማያያዣ ስላለው ክሮስቶኩ በጣም ቀንሷል።

አብሮኝ የሚሠራ ሰው ሥራዬን ሊያበላሽብኝ ይችላል?

ሆን ብሎ ክሮስቶክ በመፍጠር መረበሽ እንደሚቻል ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ባዶ ኪውቢቶች መተው ይረዳል። ቦታ ይበላል፣ ግን ያዋጣል።

ተማሪ ነኝ፤ ራሴ ልሞክረው?

በደንብ! ኪስኪት በተባለው የአይቢኤም የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ ላይ ሁለት ትንንሽ ሰርኪዩቶችን (የጌት ቅደም ተከተሎችን) በአንድ ትልቅ ሰርኪዩት ውስጥ አስገባ። የሚያርፉባቸውን ኪውቢቶች ራስህ ምረጥ፤ የዕለቱን የካሊብሬሽን መረጃ (የየኪውቢቱን የስሕተት መጠን) እይ። ከዚያ በእነዚያው ኪውቢቶች ላይ ለየብቻ አስኪዳቸውና ውጤቱን አወዳድር። ውጤቱ በጣም ከተለያየ በሰርኪዩቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት አስፋና ድገመው።