መስመር ይዛችሁ ለምትሮጡ የወሎ ልጆች

ውድ ታናናሾቼ፣

በ13 ዓመት ውስጥ የ7 ክለብ ማልያ ለብሻለሁ። ዋንጫ አላነሳሁም፣ ብሔራዊ ቡድንም አልተጠራሁም። ግን በቀኝ መስመር እየሮጥኩ እናቴን ጦሬያለሁ፣ ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ከእናንተም ብዙዎቹ የሚጠብቃቸው እንዲህ ያለ ኑሮ ነው። ጥሩ ኑሮ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

የጀመርኩት ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከመሀል ሜዳ ጎሉ አይታይም። ፈጣን ነበርኩ። ፈጣን ልጅ ደግሞ አቀርቅሮ ነው የሚሮጠው፤ ማን ይደርስበታል? አሰልጣኛችን ይህን አይቶ አንድ ነገር ጀመረ። ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ እሱ የጎሉ ሩቅ ቋሚ ጋ ቆሞ ጣቶቹን ያነሳል። ኳሷ እግሬ ጋ ሳትደርስ "ሦስት!" ወይም "አራት!" ብዬ መጮህ አለብኝ። ከተሳሳትኩ ኳሷ ለሌላ ልጅ ትሰጣለች። ጉም የበዛ ቀን ጣቱ ስለማይታይ ማልያ ያውለበልባል።

ያኔ ቅጣት መስሎኝ ነበር። በ29 ዓመቴ የኋላ ታፋዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጎዳ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ተከላካይን በሩጫ ጥዬ አልሄድኩም። ግን ማን የት እንዳለ ቀድሜ ስለማይ በአንድ ንክኪ አሻማ ነበር። በዚያች ቀና ማለት ተጨማሪ 4 ዓመት እንጀራ በላሁ። ተከላካይ ማታለያው አብዶ ደስ ይላል፣ ሥሩት። ነገር ግን አጥቂያችሁ ሳጥን ውስጥ ገብቶ እጁን ሲያነሳ ካላያችሁት ልፋቱን ገደል ከተታችሁት።

አየሩንም ልመዱት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ትበራለች። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ በመጀመሪያ ጨዋታዬ ያሻማኋቸው ሦስት ኳሶች ቅርቡ ተከላካይ እግር ላይ ወደቁ። አመታቴ ያው የሆጤው ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ ከተማ ስገባ ከጨዋታው በፊት 30 ኳስ ሳላሻማ አልገባም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። አንድ ክለብ ውስጥ 4 ወር ያለ ደመወዝ ተጫውቻለሁ። ደላላው ወረቀቱን መኪና ላይ ዘርግቶ "እዚች ጋ ፈርም" አለኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። ካምፕ ውስጥ በየሳምንቱ "ሰኞ ይገባል" እየተባልን ሰነበትን። በመጨረሻ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። የውሉ ቅጂ እንኳ በእጄ አልነበረም፣ ምን ይዤ ልክሰስ?

እናንተ እንዲህ አትሁኑ። ወረቀቱን ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። በቃል የተነገራችሁ ገንዘብ ወረቀቱ ላይ ከሌለ እንደሌለ ቁጠሩት። የፊፋ የዝውውር ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከ3 ዓመት የበለጠ ውል እንዳይፈርም ይከለክላል። ክለቡ የ2 ወር ደመወዝ ያለአግባብ ካስቀረ ደግሞ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። በ24 ዓመቴ ውልህን አንብብ ብሎ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ክለብ ስትቀይሩ መጀመሪያ ከኋላችሁ የሚጫወተውን ተመላላሽ ተከላካይ ተዋወቁት። ቡና ጋብዙት። ኳስ ስትነጠቁ ተመልሳችሁ እንደምታግዙት ንገሩት፣ ከዚያም በእውነት ተመለሱ። አሰልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲያስቀምጣችሁ ቀድሞ ስለ እናንተ የሚናገረው እሱ ነው። እኔን ተመላላሾቼ እንዲህ ተናግረው ሁለት ጊዜ ወደ ሜዳ አስገብተውኛል።

በ2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሲመረቅ እኔ ጫማዬን ሰቅዬ ነበር። በወጣትነቴ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። የእናንተ ዕድል ነው፣ አብሽሩ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሆጤ አለሁ። ሩቁ ቋሚ ጋ ቆሜ ጣቴን አነሳለሁ።