ሜሶቴሊዮማና አስቤስቶስ፦ ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

የምርመራ ወረቀት ፎቶ የላካችሁ አላችሁ። እሱን ማንበብ የሐኪማችሁ ሥራ ስለሆነ አልገባበትም፤ የቀሩትን ጥያቄዎች እነሆ።

ሜሶቴሊዮማ የሳንባ ካንሰር ነው?

አይደለም። ሳንባን ከውጭ በሚያለብሰው ስስ ሽፋን (ፕሉራ) ላይ የሚነሣ ካንሰር ነው። ከአምስት ሕሙማን አራቱ ገደማ በዚህ በኩል የታመሙ ናቸው። የቀሩት በአብዛኛው በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ በልብ ወይም በዘር ፍሬ ሽፋን ላይ ይነሣባቸዋል። ዋና መንስኤው አስቤስቶስ (ቃጫ ያለው፣ ለሙቀት መከላከያና ለግንባታ የሚውል ማዕድን) የሳንባ ካንሰርንም ስለሚያመጣ ሁለቱ ይምታታሉ።

አንድ የአስቤስቶስ ቃጫ እንዴት ካንሰር ያመጣል?

አደገኛው ቃጫ ርዝመቱ ከ5 ማይክሮሜትር በላይ፣ ውፍረቱ ከ3 ማይክሮሜትር በታች ነው፤ በዓይን አይታይም። የሰውነት ጽዳት ሠራተኛ የሆነው ማክሮፋጅ ሊውጠው ይሞክራል፤ ቃጫው ስለሚረዝመው ግን ጫፉ ውጭ ይቀራል። ሴሉ ይሞታል፣ በውስጡ የነበረው ኬሚካል ይፈስሳል፣ ሌላ ማክሮፋጅ ይመጣል፣ እሱም ይሞታል። ይህ ብግነት ለአሥርት ዓመታት ሲቀጥል የሽፋኑ ሴሎች ዲኤንኤ ይጎዳል።

ሰማያዊውና ቡናማው አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ብዙ ይቆያሉ፤ ነጩ ቶሎ ይሰባበራል። «ነጩ አይጎዳም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ሲሆን ስህተት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉንም ዓይነት ካንሰር አምጪ ይላቸዋል።

የቦይለር መጠቅለያ ሲያነሣ ሁለት ዓመት ብቻ የሠራ ሰው ከ38 ዓመት በኋላ ቢታመም ይያያዛል?

ሊያያዝ ይችላል። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይደበቃል። የብናኙ መጠን ሲጨምር አደጋው ይጨምራል፤ ሆኖም «ከዚህ በታች ችግር የለም» የሚባል ልክ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1960 ተመራማሪው ዋግነርና ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪካ 33 ሕሙማንን ሲዘግቡ፣ ብዙዎቹ ማዕድን አውጪ ሳይሆኑ በማዕድኑ አካባቢ የኖሩ ነበሩ።

ስለዚህ ለሐኪም ዛሬ የሚሠሩትን ብቻ አይንገሩ። ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ ዓመቱንና በእጅ የተነካውን ነገር ይጻፉ፦ የቧንቧ መጠቅለያ፣ የፍሬን ሸራ፣ የተቆረጠ የጣሪያ ክዳን። «ፋብሪካ ሠርቻለሁ» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ሲጋራስ?

ሜሶቴሊዮማን አያመጣም። ከአስቤስቶስ ጋር ሲደመር ግን የሳንባ ካንሰርን አደጋ በብዙ እጥፍ ያንረዋል፤ ማቆም ይጠቅማል።

ከደረት የተቀዳው ውሃ «ካንሰር የለበትም» ተባለ። በቃ?

አይበቃም። በዚህ በሽታ በሳንባ ዙሪያ የሚቋጠረው ውሃ ምርመራ ካንሰሩን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ውሃው ተመልሶ ከሞላ፣ ወይም ሲቲ ስካን ሽፋኑ መወፈሩን ካሳየ፣ በቶራኮስኮፒ (በካሜራ ደረት ውስጥ እያዩ) ከሽፋኑ ቁራጭ መውሰድ ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) ተመሳሳይ ውሃ ስለሚያስቋጥር ያለ ናሙና የቲቢ መድኃኒት ለወራት መዋጥ ጊዜ ያባክናል። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) እንደ ካልሬቲኒን ያሉ ማቅለሚያዎችን ተጠቅሞ ከሌላ ካንሰር ይለየዋል።

ሕክምናው?

አብዛኛውን ጊዜ አያድንም፤ ዕድሜ ያራዝማል፣ ትንፋሽ ያቀልላል። የኬሞቴራፒ መድኃኒቱ ፔሜትሬክሴድ ከሲስፕላቲን ጋር ሲሰጥ፣ ከመጀመሪያው ዙር አንድ ሳምንት በፊት 1,000 ማይክሮግራም የቫይታሚን ቢ 12 መርፌ፣ በየቀኑም ፎሊክ አሲድ የግድ ነው። ይህ ከተዘለለ የደም ሴሎች ክፉኛ ይወርዳሉ፣ አፍ ይቆስላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የሰውነትን መከላከያ የሚያነሣሡት ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ አብረው ይሰጣሉ፤ በተነጻጸሩበት ጥናት ግማሾቹ ሕሙማን በኬሞቴራፒ ቢያንስ 14.1 ወር፣ በእነዚህ ቢያንስ 18.1 ወር ኖረዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ኤፒቴሊዮይድ (በሴሎቹ ቅርጽ የሚለይ፣ በጣም የተለመደው ዓይነት) ባልሆነው ነው።

ጣሪያችን የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ነው፤ እናንሣው?

ካልተሰነጠቀና ካልተፈረፈረ መተው ይሻላል። መነሣት ካለበት ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይስጡት፤ አሠራሩንም ይከታተሉ። ክዳኑ ሳሙና በተቀላቀለበት ውሃ ይርሳል፣ ብሎኑ ተፈትቶ በሙሉ ይወርዳል፤ በግራይንደር አይቆረጥም፣ ከላይ አይወረወርም። በወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቀለላል። ወለሉ በመጥረጊያ አይነካም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ተራው የሐኪም ጭንብል ዋጋ የለውም፣ ፒ 3 (ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር) ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው፤ ጢም ካለ እሱም ያፈስሳል። የሥራው ልብስ እዚያው ወልቆ ከቆሻሻው ጋር ይታሸግ። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ አራግፈው ሲያጥቡ የኖሩ ሚስቶች በዚሁ በሽታ ታመዋል።