«ብር ላክን፣ እነሱ ግን ዝም አሉ» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሜሪላንድ ያላችሁ 14 ጓደኛሞች በየወሩ 20 20 ዶላር እያዋጣችሁ አዲስ አበባ ላለ አንድ የሕጻናት መርጃ ትልካላችሁ። ስምንት ወር ሆናችሁ። «ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ከምትል አንድ መልእክት በቀር የሰማችሁት ነገር የለም። አምስቱ «ብራችን የት እንደሚገባ ሳናውቅ» ብለው ወጡ። የቀራችሁት ዘጠኝም እያጉረመረማችሁ ነው። እናቁም? ሌላ ድርጅት እንፈልግ? ወይስ ሰው ልከን እናስመርምር? ነው ያልከው።

እኔ ብሩ በሚደርስበት በኩል ነበርኩ። ሰባት ዓመት የአንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቁርስና ምሳ የምናበላቸው፣ ደብተርና ዩኒፎርም የምንገዛላቸው ወደ 90 ልጆች ነበሩን። ስለ ሁሉም ድርጅት ልማልልህ አልችልም። ግን እንዲህ ያለው ዝምታ እኛ ቢሮ ውስጥም ስለነበረ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። እኛ ጋ ሌብነት አልነበረም። ለሰጪ መልስ መስጠት የማንም ሥራ ስላልነበረ ነው።

ቢሯችንን ልንገርህ። አንድ ክፍል ናት። በሩ ጋ የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ እነሱን ተሻግረህ ነው የምትገባው። ኃላፊዋ ጠዋት ወረዳ ትሄዳለች፣ ከሰዓት የታመመ ልጅ ይዛ ጤና ጣቢያ ትሰለፋለች። እኔ ደመወዝ እሠራለሁ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ አሳውቃለሁ፣ ለኦዲተር ሰነድ አዘጋጃለሁ፣ ምግብ አብሳይዋ የቀረች ቀን ደግሞ ሽንኩርት እልጣለሁ። ወር ሲያልቅ ከባንክ ስቴትመንት አወጣለሁ። እሱ ላይ ምን ይላል? «ትዕግስት፣ 500 ብር።» የትኛዋ ትዕግስት? ምክንያት በሚለው ቦታ «ስለት» ይላል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ አንዳንዴ ባዶ ነው።

አንድ ሰው ለሦስት ዓመት በየወሩ 300 ብር ያስገባልን ነበር። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «አደራ»። ስልክ የለው፣ የአባት ስም የለው። አደራውን እንዴት እንደጠበቅን የምነግረው ሰው ሳይኖረኝ ሦስት ዓመት ሙሉ መዘገብኩት። ከዚያ አንድ ጥቅምት ላይ ቀረ። ተቀይሞን ይሁን፣ ሥራ አጥቶ ይሁን፣ ሞቶ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ጽሑፍህ ውስጥ «ተራ የደረሰው ነው የሚልከው» የምትል ነገር አለች። ችግራችሁ ግማሹ እዚያ ጋ ያለ ይመስለኛል። እነሱ ጋ «የሜሪላንድ ጓደኛሞች» የሚባል ነገር የለም። ስምንት ወር፣ ስምንት የተለያየ ስም ነው ያለው። የመጀመሪያውን ላኪ አመስግነውት ይሆናል፣ እሱም ለእናንተ ሳይነግራችሁ ረስቶት ይሆናል። አንድ ወር ደግሞ «ምንዛሪው ይሻላል» ብላችሁ በሰው እጅ ነው የሰጣችሁት። ዶላሩ ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ፣ ጥቁር ገበያ ላይ ግን ከዚያ በጣም በሚበልጥበት ከሐምሌ 2016 በፊት ባለው ጊዜ ፈተናው ከዚህም የከበደ እንደነበር እረዳለሁ። ግን ያ ብር ሒሳብ ሠራተኛዋ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልንገርህ፦ በፌስታል የመጣ፣ ላኪው የማይታወቅ፣ ኦዲተሩ «ይሄ ከየት ነው?» ሲል መልስ የሌለው ብር። ልትጠቅሙን ብላችሁ እኛን ነው የምታስጠይቁን።

እስቲ እድርን አስበው። አባቴ እድር 30 ዓመት ከፍሏል፣ አንድ ቀን «ብሬ የት ገባ» ሲል አልሰማሁትም። ለምን? ዳኛውን ያውቀዋል፣ ጸሐፊው ጎረቤቱ ነው፣ ገንዘብ ያዡን ሰፈር ውስጥ በየቀኑ ያየዋል። የስብሰባው ቀን የታወቀ ነው፣ ከቀረ ይቀጣል። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ትልልቁን ድስት ለቅሶ ቤት በሄደ ቁጥር በዓይኑ ያየዋል። እድር ባለቀለም ሪፖርት አሳትሞ አያውቅም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ምረጡ። ሁሌ እሱ ይላክ፣ በባንክ፣ በአንድ ስም፣ በወሩ በአንድ የታወቀ ቀን። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የቡድናችሁን ስም ጻፉ። እነሱም ጋ አንድ ሰው በስም ይታወቅ፣ «ድርጅቱ» አይበቃም። እኛ ጋ ኃላፊዋን ከመያዝ እኔን መያዝ ይሻል ነበር፣ እሷ ስልክ አታነሳም።

የሚቀጥለው ቅር ሊልህ ይችላል። «ቢያንስ የልጆቹን ፎቶ እንኳ አይልኩልንም» ብለሃል። እባካችሁ ፎቶውን ተዉት።

እኛ ጋ ሰው ልደቱን ከልጆች ጋር ሊያከብር ይመጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አልተቃወምኩም። ግን አንዳንድ ቅዳሜ ሦስት ልደት ይደራረባል። ሦስት ኬክ፣ ሦስቴ መዝሙር፣ ሦስቴ «ወደ ካሜራው እዩ»። አንድ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ክሬሙን ከጣቱ እየላሰ ጠጋ አለኝና «ዛሬ ደሞ የማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «የኔስ መቼ ነው?» አለ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁ። የልደት ቀኑ አልተጻፈም ነበር።

ሌላዋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አንድ ሰጪ ደብተር ሲያስረክባት የተነሳውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ክፋት አልነበረውም፣ ሌላውም እንዲሰጥ ብሎ ነው። የክፍሏ ልጆች አዩት። ከዚያ በኋላ ምሳ መምጣት አቆመች። እቤቷ ድረስ ሄደን ለምነናት በሁለተኛው ወር ነው የተመለሰችው፣ እሱንም ሌሎቹ በልተው ከወጡ በኋላ ነበር የምትመጣው። ከዚያ ወዲህ የልጅ ፊት መላክ አቆምን። የምንልከው ድስቱን፣ የእህል ደረሰኙን፣ የተጠገነውን ጣሪያ ሆነ።

ሪፖርታችንም የተለወጠው ያኔ ነው። የቴሌግራም ቻናል ከፈትን። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አንድ ጽሑፍ፣ ከአሥር መስመር የማይበልጥ፦ ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄን ገዛን፣ ይሄ አልተሳካም። «አልተሳካም» የምትለዋን እኔ ፈርቼያት ነበር። አንድ ክረምት ረከሰ ብለን ብዙ ዱቄት ገዛን፣ መሬት ላይ ደረደርነው፣ እርጥበት ገባና አራት ኩንታል ሻገተ። እኔ እንዝለለው አልኩ። ኃላፊዋ «ጻፊው» አለች። ጻፍኩት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። «አጥፍተናል፣ አራት ኩንታል ጥለናል።»

የሚሰድበን ሰው ጠበቅኩ። አንድ ሁለት ሰው ወቀሰን፣ ልክ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ አናጺ ደወለ። ለካ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት የቆየ፣ በቴሌብር 100 100 ብር የሚልክ ሰው ነው፣ እኔ የማውቀው በስልክ ቁጥሩ ብቻ ነበር። እሁድ እንጨቱን ጭኖ መጣና ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ሠራልን። ምሳ ከልጆቹ ጋር በላ። ከዚያ በኋላ በር ሲሰበር፣ ወንበር ሲወላልቅ የምንደውለው ለእሱ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እናመሰግናለን» እያልን ያላገኘነውን ሰው ሻጋታ ዱቄት አመጣልን።

እናንተም «ሪፖርት ላኩልን» አትበሉ። ሪፖርት ሲባል ሰው ይፈራል፣ በእንግሊዝኛ መሆን ያለበት ይመስለዋል፣ ነገ እሠራዋለሁ ይልና ይቀራል። አንድ ትንሽ ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ወር የከበዳችሁ ምንድነው? በድምፅ ይመልሱላችሁ። ሁለት ደቂቃ በቂ ነው።

ደግሞም ለመልሱ ክፈሉ። አዎ፣ ክፈሉ። «እያንዳንዷ ሳንቲም ለልጆቹ ትዋል» የሚለው ነገር ጥሩ ይመስላል። ግን የስልክ ካርዱ፣ ኢንተርኔቱ፣ ባንክ ድረስ የምሄድበት ታክሲ ከየት ይምጣ? ከኪሴ ስንቴ አወጣሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ ዜሮ ይሁን አላለም። ልጆቹን የምታበላዋ ምግብ አብሳይ ደመወዝ ደግሞ ሥራው ራሱ ነው፣ አስተዳደራዊ ብሎ መቁጠር አይገባም። ብዙ ሰጪ ይህን ሲሰማ ይገርመዋል።

ሰው ልከን እናስመርምር ላልከው፣ ሰው ላኩ፣ አታስመርምሩ። አንድ ጊዜ የአንድ ሰጪ አጎት ሱፍ ለብሰው እህል በሚሰፈርበት ቀን ድንገት መጥተው የዕቃ መዝገብ ይምጣ አሉ። ተደናግጠን መዝገቡን ማግኘት አቃተን፣ እሳቸውም ጠርጥረውን ሄዱ። ሌላ ጊዜ የመጣችው ሴት ደውላ ነው የመጣችው። ነጠላዋን አጣፍታ ሽንኩርት ከተፈች፣ እንጀራ አቀረበች፣ በልተው ሲጨርሱ «90 ብላችሁኝ ነበር፣ እኔ 84 ነው የቆጠርኩት» አለች። ስድስቱ ፈተና ላይ እንደነበሩ ነገርናት፣ ስማቸውንም አሳየናት። የመረመረችን እሷ ናት፣ አጎትየው አይደሉም። እናንተም እናት ወይ እህት እዚህ አላችሁ፣ አንድ ምሳ ሰዓት ይሂዱላችሁ።

ሌባ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ በደንብ አለ። ብር በግለሰብ አካውንት ብቻ አስገቡ የሚል፣ በየሳምንቱ «ልጁ ዛሬ ካልታከመ» እያለ ላይቭ የሚገባ፣ ልምጣ ስትለው ሁሌ ምክንያት ያለው ሰው ካጋጠማችሁ ተዉት። የተመዘገበ ድርጅት ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠው የምዝገባ ምስክር ወረቀት አለው። የኦዲት ሪፖርትም ጠይቁ። ቅጂ መላክ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሦስቴ ጠይቃችሁ ሦስቴ ካለፏችሁ ያኔ አቁሙ፣ እኔም አልፈርድባችሁም።

እዚያ ስላለው ታክስ አጭር ነገር፦ በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ ድርጅት የላካችሁት አሜሪካ ውስጥ ከታክስ አይቀነስላችሁም። ድርጅቱ እዚያ በ501ሲ3 (ከታክስ ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተብሎ) የተመዘገበ እህት ድርጅት ካለው ግን ይቻላል፣ አንዳንድ አሠሪም በእሱ በኩል ስትሰጡ እኩል ይጨምራል። ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይወስዳል፣ ከ20 ዶላር ላይ 88 ሳንቲም መሆኑ ነው። ለየብቻ ከምትሰጡበት እናንተው ሰብስባችሁ አንዴ ላኩት።

ደግሞ ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። በ2017 ለመቄዶንያ ሕንፃ ማስጨረሻ በዩቲዩብ በቀጥታ የተደረገውን የገቢ ማሰባሰቢያ ሁላችንም ተቀምጠን አምሽተን አይተናል፣ እኔም የአቅሜን ልኬ አልቅሻለሁ። እንዲህ ያለው ግን ለታወቀ ስም ነው የሚሆነው። የማይታወቀው ትንሽ ቤት የሚኖረው ቁርጥ ባለ ወርሃዊ ብር ነው። ለገናና ለፋሲካ እኛ ጋ በግ ማሰሪያ ቦታ ይጠፋ ነበር። ሐምሌ ላይ ሰው ዝር አይልም። ጳጉሜ ደርሶ የዩኒፎርምና የደብተር ወጪ ሲመጣ ካዝናው ባዶ ነው። ዘጠኝ ሰው፣ 180 ዶላር፣ በየወሩ መምጣቱ የታወቀ ከሆነ፣ እኔ ሒሳብ ሠራተኛዋ ነጋዴውን «አምስት ቀን ጠብቀኝ» ብዬ እህል በዱቤ አወጣበታለሁ። መቼ እንደሚመጣ በማላውቀው ትልቅ ብር ይሄን ማድረግ አልችልም።

የወጡትን አምስቱን አሁን አትለምኗቸው። መጀመሪያ አንድ መልስ አግኙ፣ እሱን አስደምጧቸው።

ለድርጅቱ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «እኛ ሜሪላንድ ያለን ዘጠኝ ጓደኛሞች ነን። እስከ ዛሬ በተለያየ ስም ስንልክ የነበርነው እኛ ነን፣ የላክንባቸው ቀናትና ስሞች ከዚህ በታች አሉ። ከአሁን በኋላ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን በአንድ ስም እንልካለን። ከብሩ ላይ ለስልክና ለኢንተርኔት የሚሆናችሁን ውሰዱ። የልጆች ፎቶ አንፈልግም። በወር አንድ ጊዜ ምን እንደከበዳችሁ በድምፅ ንገሩን። ማንን እናናግር?»

ሁለት ሳምንት ስጧቸው፣ ከዚያ ደውሉ። እናንተ ጋ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው እነሱ ጋ ጠዋት የሚሆነው፣ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ፈልጉ። ሰኞ ግን አትደውሉ፣ እህል የሚሰፈርበት ቀን ሊሆን ይችላል።