መልስ፦ ለትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ካምፒንግ የት ይሻላል?

ሰላም እህቴ፣ የክበብሽን ተማሪዎች ይዘሽ ከአዲስ አበባ ሳትርቂ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክላችሁ የምታድሩበት፣ የዱር እንስሳም የሚታይበት ቦታ ጠይቀሻል። እኔ መናገሻ ሱባ ደንን እመርጣለሁ። ወጨጫ ተራራ ላይ ነው፤ ጥድና ዝግባው ያስደንቃል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል።

ለትምህርት ግን ጉሬዛን የመሰለ የለም። ገና ሳይነጋ ማጓራት ይጀምራል፤ ልጆቹን ያኔ ቀስቅሻቸው። እጁን በባይኖኩላር ይዩትና አውራ ጣቱ የት እንደገባ ይከራከሩ፦ የቀረው ጉጥ ብቻ ነው፤ በአራቱ ጣቶቹ ቅርንጫፉን እንደ መንጠቆ ይይዛል። የምኒልክ ድኩላም አለ፤ ወንዱ ጠቆር፣ ሴቷ ቀላ ያለች። እርግጥ ሠላሳ ልጅ እየተንጫጫ ድኩላ አይታይም፤ በትንንሽ ቡድን ከፋፍያቸው።

ክረምቱን እለፉት። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ቆፈን ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ልጅ አታሳፍሪ! ፈቃዱን ከደኑ ጽሕፈት ቤት አስቀድመሽ ጨርሺ፤ እሳት ማንደድ ይቻል እንደሆነም እዚያው ጠይቂ። ለእኔ ግን ደረቅ ጥድ ሥር ከማንደድ ሻዩን በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ይሻላል።