ሦስቱን አልፈሽ ንግግሩ ላይ ለቀረሽው እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ነርስ ነሽ፣ ጀርመን ሄደሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ። የጀርመን ቋንቋና ባህል ተቋም የሆነውን የጎተ ኢንስቲትዩትን የቢ1 (የመካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ) ፈተና ወስደሽ ማንበቡን፣ ማዳመጡንና መጻፉን አለፍሽ፣ መናገሩ ላይ ግን ማለፊያው 60 ነጥብ ሳይሞላልሽ ቀረ። አሁን «የትኛውን የሰዋስው መጽሐፍ ልግዛ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ምንም አትግዢ። የጽሑፉን ፈተና ያለፈ ሰው ሰዋስው አይደለም የጎደለው።

ደብዳቤሽ መሀል ላይ እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ። «አብሮኝ የተፈተነው ልጅ ያለውን ስላልያዝኩት ፈገግ ብዬ እሺ አልኩት» ብለሻል። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። የቢ1 ንግግር ፈተና እንደምታውቂው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ ነገር አብራችሁ ታቅዳላችሁ። እዚያ የሚታየው የዓረፍተ ነገርሽ ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን ጨዋታውን መጀመር፣ ማስቀጠልና ለሰውየው መልስ መስጠት መቻልሽም ነው። አንቺ እሺ ስትዪ ጨዋታው ሞተ። «ይቅርታ፣ አልያዝኩትም፣ ድገምልኝ» ብትዪ ኖሮ ይቀጥል ነበር።

ለምን እንዳላልሽው ይገባኛል። ይሉኝታ ነው። እኛ ጋ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው፣ አልገባኝም ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ግን አስቢው፣ ነገ ሆስፒታል ውስጥ ተረኛዋ ስታስረክብሽ የታካሚውን የመድኃኒት መጠን በፍጥነት ትነግርሻለች፣ አንቺም ሳይገባሽ እሺ ትያለሽ። ያኔ የሚጎዳው ውጤትሽ አይደለም፣ አልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ «አልገባኝም» ማለትን እንደ ሙያ ተማሪው፣ መርፌ መውጋት እንደተማርሽው ማለቴ ነው።

ቁጥርን ውሰጂ። ጀርመኖች 53ን «ሦስትና ሃምሳ» ብለው ነው የሚጠሩት። ሦስትን ቀድመሽ ስለምትሰሚ እጅሽ 35 ይጽፋል። ሰዓትም እንደዚያው ነው። «ሃልፕ ድራይ» ሲሉሽ ጆሮሽ ድራይን ይይዝና ሦስት ተኩል ይመስልሻል፣ እነሱ ግን ወደ ሦስት እየሄደ ያለውን ግማሽ ነው የሚቆጥሩት፣ ማለትም ሁለት ተኩል፣ በዚህ አሰማም ተረኛ ከሆንሽ አንድ ሰዓት አርፍደሽ ትገቢያለሽ። ደንቡን ማወቅ ብቻውን አያድንሽም። የሚያድንሽ የሰማሽውን መልሰሽ መናገር ነው፦ «53 ነው ያሉኝ፣ አምስት ሦስት?» ይህንን ልማድ አድርጊው።

ሌላም አለ። እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» እንላለን። እዚያ ግን የደነገጥሽ ሊመስላቸው ይችላል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። «ያ» በዪ፣ በድምፅ።

አንድ ነገር ግን ከቤትሽ ይዘሽ መጥተሻል። «ዱ» እና «ዚ» እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሰውን ያደናግራሉ፣ አንቺ ግን አንተንና እርስዎን እየለየሽ ነው ያደግሽው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ጎን ላይ ነው። እኛ አንዲት አሮጊት ታካሚን «እማማ» ብንል ፍቅር ነው። እዚያ ታካሚን «ኦማ» (አያቴ) ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። «ፍራው» (ወይዘሮ) ብለሽ የቤተሰብ ስሟን አስከትዪ፣ በ«ዚ» አነጋግሪያት። ሙቀቱን በድምፅሽና በእጅሽ ታሳያታለሽ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ክፍል ውስጥ ከሚማሩት አንዱን ጓደኛ ያዢ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አስር አስር ደቂቃ ይበቃል። እሱ ሆን ብሎ ቶሎ ቶሎ ያውራ፣ አንቺ ሳታፍሪ አስቁሚው። «ኖህ ማል ቢተ» (እባክህ ድገምልኝ)፣ «ላንግዛመር ቢተ» (እባክህ ቀስ በል) የሚሉት ሳታስቢ ከአፍሽ እስኪወጡ ድረስ። ቀጥሎ ደግሞ ስለ ምጣድ ወይም ስለ ሰፌድ ስሙን ሳትጠሪ በጀርመንኛ አስረጂው። ክብ ነው፣ ከሸክላ ነው፣ እሳት ላይ ይጣዳል። ይህ ጨዋታ የሚመስል ነገር ፈተና ላይ ቃል ሲጠፋብሽ ዝም እንዳትዪ ያደርግሻል፣ «ብርድ ልብስ» ቢጠፋሽ «ማታ የምንለብሰው ወፍራሙ ነገር» ብለሽ ታልፊያለሽ። በጣም የምወደው ልምምድ እሱ ነው።

የቢ1 ክፍሎች ለየብቻ ስለሚሰጡ መናገሩን ብቻ ተመዝገቢ፣ ያለፍሽውን አትድገሚ። ለሙሉ የነርስነት ፈቃድ በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች ቀጣዩ ደረጃ ቢ2 ስለሚጠየቅ ይህ ልምምድ እዚያም ይከተልሻል። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ከጓደኛሽ ጋር ያወራሽውን አስር ደቂቃ በስልክሽ ቅጂና በቴሌግራም ላኪልኝ። ስንት ጊዜ «አልገባኝም» እንዳልሽ እቆጥራለሁ።